ነገርን ከሥሩ፦ ከርነል ታድሶ ኮምፒውተር ሲወድቅ

ማታ ደህና ሲሠራ ያመሸ ኮምፒውተር ጠዋት አልነሣም ይላል። በመሃል የተጨመረ ነገር ቢኖር ሌሊቱን የተጫነው ማሻሻያ ብቻ ነው። ስክሪኑ ወይ ጨልሟል፣ ወይ ባለቤቱ ሊረዳው የማይችል ነጭ ጽሑፍ ሞልቶት ቀጥ ብሏል። የድርጅት ሰርቨር ከሆነ ደንበኛ ተሰልፏል፤ የተማሪ ላፕቶፕ ከሆነ የመመረቂያው ጽሑፍ ውስጡ ነው። በዚያች ደቂቃ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ነው ያበላሸው?

ይህ ጥያቄ በሊነክስ ዓለም ከ30 ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖሯል። መልሱን ፍለጋ የተሄደበት መንገድ ደግሞ ከኮምፒውተር ባለሙያዎች ሰፈር አልፎ ለማንኛውም ተቋም የሚተርፍ ታሪክ አለው። ሊነክስ እዚህ የደረሰው ስህተት ስላልሠራ አይደለም። ደጋግሞ ሠርቷል፤ የሰው ፋይል አጥፍቷል፣ የኔትወርክ ካርድ ገድሏል። ያተረፉት ሦስት ልማዶች ናቸው፦ የድሮውን ሳይጥሉ አዲሱን መሞከር፣ ጥፋተኛውን በጥርጣሬ ሳይሆን በማስረጃ መፈለግ፣ የማስረዳቱን ሸክም ደግሞ በተጎዳው ላይ ሳይሆን ለውጡን ባመጣው ላይ መጫን።

ምሰሶው

ከርነል ማለት የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው፣ ፋይል ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ከኔትወርክ ካርዱና ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ ያ ፕሮግራም ብቻ ይዘጋል፤ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ከርነል ሲበላሽ ግን ምሰሶው የተነቀለ ጎጆ ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ከርነሉ የራሱ ነገር እንደተዛባ ሲያውቅ የሰው መረጃ እያበላሸ ከመቀጠል ባለበት መቆምን ይመርጣል። ባለሙያዎቹ ለዚህ የሰጡት ስም “ከርነል ፓኒክ” ነው፤ የከርነል ድንጋጤ እንደማለት።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ እየተነበበ ከሆነ፣ በዚህች ቅጽበት ከሥር ሆኖ ሥራውን የሚመራው የሊነክስ ከርነል ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣኖቹ 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊነክስ ነው። በ2021 ማርስ ላይ የበረረችው ኢንጀኑይቲ የተባለችው ትንሽ ሄሊኮፕተርም የተጓዘችው ሊነክስ ይዛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ የተጀመረው በ1991 ነው። የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በነሐሴ ወር ለትርፍ ጊዜው የሚሠራውን ነገር ለሕዝብ አሳወቀ። የመጀመሪያው ቅጂ 10 ሺህ መስመር ገደማ ኮድ ነበረው። በ1994 ስሪት 1.0 ሲወጣ ከ176 ሺህ አለፈ። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው። በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ ስሪት ይወጣል፤ እያንዳንዱ ስሪት ብዙውን ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦችን ይዞ ይመጣል። ለውጡ የሚመጣው ደግሞ ከአንድ ድርጅት ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ከተበተኑ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ነው። እንዲህ ባለ ፍጥነት የሚቀየር ነገር አይሰበርም ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ቁም ነገሩ ሲሰበር ምን ይደረጋል የሚለው ነው።

“አትጠቀሙበት”

በጥቅምት 2001 ስሪት 2.4.11 ወጣ። ቀናት ሳይቆይ ሲምሊንክ የሚባሉትን የፋይል አቋራጮች አያያዝ ላይ ከባድ ስህተት እንዳለበት ታወቀ። በጥድፊያ 2.4.12 ተተካ። የተበላሸውን ስሪት ግን ከማኅደሩ አልሰረዙትም። የፋይሉን ስም ቀየሩና “ዶንት ዩዝ” የሚል ቅጥያ ለጠፉበት፤ አትጠቀሙበት ማለት ነው።

በቀጣዩ ወር የባሰ መጣ። 2.4.15 አሜሪካኖች ቱርክ ዶሮ በሚያርዱበት የምስጋና በዓል ሰሞን ነበር የወጣው። ስህተቱ የተደበቀው ኮምፒውተሩ ሲሠራ ሳይሆን ሲዘጋ ነው። ዲስኩ ከስርዓቱ በሚለያይበት ጊዜ መጻፍ የሚገባው መረጃ በትክክል ሳይጻፍ ይቀርና የፋይል ስርዓቱ ይበላሻል። ተጠቃሚው በሰላም አጥፍቶ ይተኛል፤ ሲመለስ ፋይሉ ተበላሽቶ ይጠብቀዋል። ማስተካከያው 2.4.16 በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ያን ስሪት ያወጣው ቶርቫልድስ ራሱ አልነበረም፤ የ2.4ን ኃላፊነት በዚያው ሰሞን የተረከበው የ18 ዓመቱ ብራዚላዊ ማርሴሎ ቶሳቲ ነበር። ልጁ ሥራውን የጀመረው ሌላ ሰው ያቃጠለውን ቤት በማጥፋት ነው።

ሁለቱ ክስተቶች አንድ ነገር አሳዩ። ስህተትን መሰረዝ ይቻል ነበር፤ የተመረጠው ግን ስሙን ለጥፎ በአደባባይ ማስቀመጥ ነው። ማኅደሩ ሙሉ ሆኖ ካልቆየ፣ የትኛው ስሪት ደህና እንደነበረና ብልሽቱ ከየት እንደጀመረ ወደ ኋላ ሄዶ ማጣራት አይቻልም።

ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ወረቀት

በመጋቢት 1996 ላሪ ማክቮይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንድ አጭር መመሪያ ጻፈ። መመሪያው ከከርነሉ ሰነዶች ጋር ተካቶ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። የጻፈው ከርነል እንዴት እንደሚሠራ ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። ሐሳቡም ይህ ነው፦ ችግሩን ለማግኘት ኮዱን ማንበብ መቻል ግዴታ አይደለም፤ ቆጥሮ ለሁለት መክፈል ከቻልክ ይበቃል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የሚሠራ አንድ የድሮ ስሪትና የማይሠራ አንድ አዲስ ስሪት ይያዛል። በሁለቱ መሃል ካሉት ለውጦች እኩሌታው ላይ ያለው ተመርጦ ይሞከራል። ከሠራ ጥፋተኛው ከሱ በኋላ ነው፤ ካልሠራ እሱ ራሱ ወይም ከሱ በፊት ያለው ነው። ግማሹ በአንድ ሙከራ ከጥርጣሬ ወጣ ማለት ነው። የቀረው ግማሽ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። 16 ሺህ ለውጥ በዚህ መንገድ 14 ጊዜ ብቻ ተሞክሮ ወደ አንድ ይወርዳል። አሥራ ስድስት ሺህ ተጠርጣሪ፣ አሥራ አራት ችሎት።

ማክቮይ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፤ ይቅርታ እየጠየቀ። ብልሽቱ በተፈለገ ጊዜ የሚደገም መሆን አለበት። አንዳንዴ የሚመጣ፣ አንዳንዴ የሚጠፋ ብልሽት ከሆነ “ደህና ነው” የተባለው ስሪት ለጊዜው ዕድል ያገኘ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ሁሉ የተሳሳተውን ግማሽ ሲያሳድድ ይውላል። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ራስ ምታት ይኸው ነው።

ታሪክ ቀልድ ያውቃል። ያው ላሪ ማክቮይ በኋላ ቢትኪፐር የተባለ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ ባለቤት ሆነ። የሊነክስ ሰዎችም ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐርን በነፃ ይጠቀሙ ነበር። በሚያዝያ 2005 በተነሣ ውዝግብ ነፃ ፈቃዱ ተቋረጠ። ቶርቫልድስ መዝገብ ቤቱን በአንድ ጀምበር አጣ። የከርነሉን ሥራ አቁሞ በቀናት ውስጥ የራሱን መመዝገቢያ መጻፍ ጀመረ፤ ስሙንም ጊት አለው። ዛሬ በዓለም ያሉ አብዛኞቹ ሶፍትዌር ሠሪዎች ሥራቸውን የሚመዘግቡት በዚሁ በጊት ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ጊት ያንን የ1996 የግማሽ በግማሽ ፍለጋ ራሱ የሚመራ “ባይሴክት” የተባለ ትዕዛዝ አገኘ። ተጠቃሚው በየደረጃው “ደህና” ወይም “ብልሹ” ብቻ ይላል፤ ስሌቱን ማሽኑ ይሠራል፤ መጨረሻ ላይ የአንድ ለውጥ መለያ ቁጥር፣ ጸሐፊና ቀን ይወጣል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት አቤቱታ የሚያቀርብ ተጠቃሚ “ተበላሸብኝ” ከማለት አያልፍም ነበር፤ ባለሙያውም “እኔ ጋ ይሠራል” ብሎ ይመልሰዋል። አሁን ግን ኮድ ማንበብ የማይችለው ሰው ሁለት ማታ ታግሦ ሲጨርስ ጣቱን በአንድ መስመር ላይ አሳርፎ ይመጣል። አቤቱታው ማስረጃ ሆነ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ማስረጃ ከሌለ ምን እንደሚሆን በ2008 ታየ። ስሪት 2.6.27 ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ የኢንቴል ኔትወርክ ካርድ ያላቸው ሰዎች ካርዳቸው እየሞተ መሆኑን መናገር ጀመሩ። ነገሩ ከተራ ብልሽት የከፋ ነበር። ወደ ድሮው ከርነል ቢመለሱም፣ ሙሉውን ስርዓት እንደ አዲስ ቢጭኑም ካርዱ አይነሣም፤ ምክንያቱም የተበላሸው በካርዱ ቺፕ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈው መረጃ ራሱ ነው።

ጣት ሁሉ የተቀሰረው ኢ1000ኢ ወደሚባለው የካርዱ ድራይቨር ነበር። የሞተው የሱ ካርድ ስለሆነ ሌላ ማን ይጠረጠራል? ስርጭቶች፣ ማለትም ሊነክስን አዘጋጅተው ለሕዝብ የሚያከፋፍሉት እንደ ኡቡንቱ ያሉት፣ በሙከራ ቅጂዎቻቸው ድራይቨሩ እንዳይጫን አገዱ። የኢንቴል መሐንዲሶች ኮዳቸውን ሲመረምሩ ከረሙ።

ጥፋተኛው ሌላ ሰፈር ተገኘ። ኤፍትሬስ የሚባል፣ የከርነሉን እንቅስቃሴ ለመከታተል የተሠራ አዲስ መሣሪያ ነበር። ኤፍትሬስ ኮድ የት የት እንደተቀመጠ አድራሻ መዝግቦ ይይዝና በኋላ ተመልሶ እዚያ ቦታ ላይ ማስተካከያ ይጽፋል። አንዳንዱ ኮድ ግን ሥራውን ጨርሶ ከሜሞሪ ወጥቷል፤ ቦታውም ለሌላ ተሰጥቷል። በአንዳንድ ማሽኖች ያ ቦታ የተሰጠው ለኔትወርክ ካርዱ ቺፕ ነበር። የቀበሌ ሠራተኛ በአሮጌ የቤት ቁጥር ዝርዝር ሄዶ፣ የፈረሰው ቤት ቦታ ላይ የተሠራውን ክሊኒክ በር ቁልፍ ቢቀይር ማለት ነው። ክሊኒኩ ቢዘጋ ጥፋቱ የሐኪሙ አይደለም።

መድኃኒቱ ከሁለቱም ወገን መጣ። ኤፍትሬስ በዚያ ስሪት እንዲጠፋ ተደርጎ በኋላ እንደገና ተሠራ። ኢንቴልም ካርዱ በስህተት እንዳይጻፍበት ቺፑን የሚቆልፍ ጥበቃ ጨመረ። ድራይቨሩ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነበር፤ ያም ሆኖ በሩ ክፍት መሆኑ ስለታወቀ ተዘጋ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ታሪክ ተደገመ። በጥቅምት 2018 ስሪት 4.19 ወጣ፤ በኅዳር ፋይል የጠፋባቸው ሰዎች አቤቱታ ተከታተለ። አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ኤክስት4 የተባለውን የፋይል ስርዓት ስለሆነ የዜናው ርዕስ ሁሉ ኤክስት4ን ከሰሰ። የክፍሉ ኃላፊ ቴድ ጾ በራሱ ማሽን ላይ ብልሽቱን ለመድገም ሞክሮ አልሆነለትም። ለምን? ብልሽቱ የሚመጣው ወደ ዲስክ የሚሄዱ ሥራዎችን የሚያሰልፈው ክፍል በአንድ የተለየ መልክ ሲዋቀር ብቻ ስለነበር። ጥፋቱ ከፋይል ስርዓቱ ሥር ባለው በዚሁ ክፍል ውስጥ ተገኝቶ በታኅሣሥ መጀመሪያ ተስተካከለ። ወደ ምንጩ ካደረሱት ነገሮች አንዱ አንድ ተጠቃሚ በትዕግሥት የሠራው የግማሽ በግማሽ ፍለጋ ነው።

የሁለቱም ታሪክ ትርጉም አንድ ነው። ጩኸቱ የተሰማበት ቤት ሌባው ያለበት ቤት ላይሆን ይችላል፤ የተዘረፈው ቤት ሊሆን ይችላል።

ሸክሙ የማን ነው?

በታኅሣሥ 2012 በከርነሉ የቪዲዮ መሣሪያዎች ክፍል አንድ ለውጥ ገባ። ለውጡ ተራ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ሳይሳካ ሲቀር ከርነሉ የሚመልሰው የስህተት ቁጥር ተቀየረ። በዚህ ምክንያት ድምፅ የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች ተበላሹ። የክፍሉ ኃላፊ ጥፋቱ የፕሮግራሞቹ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ቶርቫልድስ በትልልቅ ፊደላት እየጮኸ መለሰለት። የመልእክቱ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ከርነሉ የተጠቃሚውን ፕሮግራም አይሰብርም። ትናንት ይሠራ የነበረ ዛሬ በከርነል ለውጥ ምክንያት ካልሠራ ጥፋቱ የከርነሉ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያውኑ በትክክል ተጽፎ ነበር ወይ ብሎ መከራከር አይቻልም።

የአነጋገሩ ጭካኔ ለዓመታት ሲያነጋግር ኖረ። ቶርቫልድስ ራሱም በመስከረም 2018 ስለ ባህርይው በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራ ራቀ፤ ከላይ የተነሣው 4.19 የወጣው እሱ በሌለበት በግሬግ ክሮ-ሃርትማን እጅ ነው። ጩኸቱ ተወቀሰ፤ ሕጉ ግን ጸና።

ሕጉ ለምን ከባድ ነው? ብዙ ቦታ ልማዱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው። አዲስ አሠራር ይመጣል፤ ሰው ይጉላላል፤ የሚሰጠው መልስ “አጠቃቀሙን ስላላወቅህ ነው” የሚል ይሆናል። በሊነክስ ሕግ ግን ተጠቃሚው ማስረዳት ያለበት ትናንት ይሠራ እንደነበርና ዛሬ እንደማይሠራ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ማብራሪያም፣ ማስተካከያም፣ አስፈላጊ ከሆነም ለውጡን ጨርሶ መመለስ የለዋጩ ዕዳ ነው።

ሕግ ግን ጠባቂ ካላገኘ ወረቀት ነው። በሺህ ከሚቆጠሩ መልእክቶች መሃል አንድ ተራ ተጠቃሚ የጻፈው አቤቱታ በቀላሉ ይጠፋል። ይህን ክፍተት አይቶ የተነሣው ቶርስተን ሌምሁይስ የሚባል፣ ስለ ከርነል ለዓመታት ሲዘግብ የኖረ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ነው። በ2021 “ሬግዝቦት” የተባለ መከታተያ ሠራ። አቤቱታዎቹን ይመዘግባል፤ የተረሱትን ያነሣል፤ ቶርቫልድስ አዲስ ስሪት ሊያወጣ ሲል እነዚህ ገና አልተፈቱም ብሎ ዝርዝር ይልክለታል።

መድኃኒቱ ሲያሳምም

በመጋቢት 2021 መጀመሪያ ቶርቫልድስ ያልተለመደ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ከቀናት በፊት የወጣውን የ5.12 የመጀመሪያ የሙከራ ስሪት ማንም እንዳይጠቀም ለመነ። ሜሞሪ ሲሞላ ከርነሉ ጥቂቱን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ የሚወርድበት ቦታ ለብቻው የተከለለ ክፍል ወይም እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ፋይል ሊሆን ይችላል። በአዲሱ ስሪት ፋይል የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ከርነሉ ፋይሉ ከየት እንደሚጀምር ረስቶ ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ያዘ። ከሥር ያለው ምንም ይሁን ምን ይደመሰሳል። ቶርቫልድስ ስሪቱን ሰርዞ እንዳልነበር አላደረገውም። ከ20 ዓመት በፊት የተለጠፈችውን ያችኑ ቃል አውጥቶ ለጠፈበት፦ “ዶንት ዩዝ”።

በታኅሣሥ 2023 ደግሞ የጠነቀቀው ተጎዳ። ዴቢያን በጥንቃቄው የታወቀ ስርጭት ነው፤ አዲስ ነገር አያሳድድም። ያኔ ይጠቀምበት የነበረው የ6.1 ከርነል የሚቀበለው ተፈትሾ ያለፈ ማስተካከያ ብቻ ነበር። ለ6.1.64 ከአዲሱ ከርነል አንድ የፋይል ስርዓት ማስተካከያ ተወስዶ ገባ። ማስተካከያው በራሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን አዲሱ ከርነል ውስጥ ከሱ በፊት የገባ ሌላ ለውጥ ላይ ተደግፎ ነበር የቆመው፤ ያኛው አብሮ አልመጣም። አንድ እግሩ የጎደለ በርጩማ ሆነና መረጃ ማበላሸት ጀመረ። ዴቢያን በታኅሣሥ 9 ሊያወጣው የነበረውን 12.3 አቁሞ በማግስቱ 12.4ን አወጣ። ለሰላም ተብሎ የቆዩበት ስፍራም ከአደጋ ነፃ አይደለም ማለት ነው።

የድሮው በር

ታዲያ ያ ጠዋት ጥቁር ስክሪን የጠበቀው ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ የሚረዳው ከ30 ዓመቱ ልማድ እጅግ ቀላሉ ነው። ዋና ዋናዎቹ ስርጭቶች አዲስ ከርነል ሲጭኑ የድሮውን ወዲያው አያጠፉም። ፌዶራ ለምሳሌ በመደበኛ ቅንብሩ ሦስት ከርነሎችን ጎን ለጎን ያቆያል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚመጣው ማውጫ የትናንቱን መርጦ መግባት ይቻላል።

ይህ ምርጫ ማምለጫ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ምርመራም ነው። በድሮው ከርነል ማሽኑ ደህና ከሠራ፣ በአዲሱ ግን ደጋግሞ ከወደቀ፣ ጥርጣሬው ወደ አዲሱ ያመዝናል። በሁለቱም ከወደቀ ግን ማሻሻያው በአጋጣሚ የተገናኘ መንገደኛ ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው በሽታ ያረጀ ሜሞሪ፣ አቧራ የደፈነው ማቀዝቀዣ ወይም ሊሞት የደረሰ ዲስክ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ አለ፦ አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ያለውን አበላሽቶ ከሆነ የድሮው በር የጠፋውን አይመልስም። ለዚያ መድኃኒቱ አስቀድሞ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ እንግዳ አለ ወይ የሚለው ነው። እንደ ኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድና እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያሉት ከከርነሉ ውጭ የተዘጋጁ ክፍሎች ከእያንዳንዱ አዲስ ስሪት ጋር እንደገና መገጣጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ስክሪኑ ይጨልማል። እንዲህ ያለ ክፍል ሲጫን ከርነሉ በራሱ ላይ “የተበከለ” የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ገንቢዎቹም አቤቱታውን ከመመርመራቸው በፊት ያንን አውጥቶ መሞከር ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ተራ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ጥሏል። ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ጠባብ የዲስክ ክፍል በድሮ ከርነሎች ይሞላና አዲሱ ሲነሣ የሚያስፈልገው ፋይል ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ለደኅንነት የተቀመጡት የድሮ በሮች በዝተው መግቢያውን ይዘጉታል።

የስልክ ሠሪዎችም ይህን ልማድ ወስደዋል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ስርዓቱን በሁለት ክፍል ማስቀመጥ ተችሏል። ማሻሻያው በማይሠራበት ክፍል ላይ ይጫናል፤ ስልኩ በአዲሱ መነሣት ካቃተው ወደ ድሮው ይመለሳል። ባለቤቱ ላያውቀውም ይችላል።

የድሮው በር በቀላሉ ሳይከፈት ሲቀር የሚሆነውን ዓለም በሐምሌ 19 ቀን 2024 አይታለች። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። ፋይሉ ለሁሉም ደንበኛ ባንድ ጊዜ ተልኮ ስለነበር አስቀድሞ ወድቆ ሌላውን የሚያስጠነቅቅ አልነበረም። ፈውሱ የብዙዎቹን ማሽኖች አጠገብ ቆሞ፣ በልዩ ሁኔታ አስነሥቶ፣ ፋይሉን በእጅ መሰረዝ ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የሬድ ሃት ሊነክስ ተጠቃሚዎች ከርነላቸውን አድሰው የዚያው ኩባንያ ሶፍትዌር ሲነሣ ማሽናቸው ይወድቅ ነበር። ያ ግን የዓለም ዜና አልሆነም፤ የድሮውን ከርነል መርጦ መነሣት ይቻል ስለነበር።

ይህ ሁሉ ሊነክስን ቅዱስ አያደርገውም። ፈታኙ በአመዛኙ ተጠቃሚው ራሱ ነው። ብዙ ሰው የሌለው ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ብልሽቱን ራሱ ካልተናገረ ማንም አያይለትም። በ2001ም፣ በ2018ም ፋይሉ የጠፋበት ሰው ማስተካከያው ሲወጣ ፋይሉ አልተመለሰለትም። ለውጥ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለውጡን ያልጠየቀው ነው። ከባዱ የተቋም ፈተናም እዚሁ ላይ ነው፦ ያ ሰው ሲጮህ የሚሰማው አለ ወይ? ትናንት ይሠራ እንደነበር ማሳየት ይችላል ወይ? የሚመለስበት በርስ ተትቶለታል?

ዛሬ የከርነሉን ማኅደር የከፈተ ሰው 2.4.11ን በቦታው ያገኘዋል፤ ከ2.4.10 ቀጥሎ፣ ከ2.4.12 በፊት። ያቺ “አትጠቀሙበት” የምትል ቃል አሁንም ከስሙ ጋር ናት። ከ5.12 የሙከራ ስሪት ጋርም እንዲሁ። ሁለቱም አልተሰረዙም፣ አልተደበቁም። ቀጣዩ ብልሽት ሲመጣ ወደ ኋላ ቆጥሮ ለሚፈልግ ሰው ቁጥሩ እንዳይጎድልበት እዚያው ተቀምጠዋል።